ከነጫማው የጠለቀው

ባስልኤል የተገኘው ጫማውን እንዳደረገ ነበር። መርማሪ ሀረገወይን ካምቤል ከተማ ወዳለው የዳይቪንግ ሱቅ ገብታ ገንዳው ጠርዝ ስትደርስ፣ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነው፤ የተወለወለ ጥቁር ጫማ፣ ማሰሪያው ሁለቴ የተቋጠረ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። የመኪናው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ አለ። ግንባሩ ላይ ክብ ነገር የመታው የሚመስል ሰንበር ይታያል። ውሃ የሚወስደው ዋናተኛውን ነው ይባላል፤ ቢሆንም አሥር ዓመት ሙሉ ሰው ውሃ ውስጥ እንዳይሞት ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ አራት ሜትር በማይሞላ የገዛ ገንዳው ውስጥ ሰምጦ ሞተ ቢባል ማን ያምናል?

ያገኘችው ዙሌይካ ናት፤ ሳን ሆዜ ውስጥ በነርስነት የምትሠራ፣ የክለቡ አባል። ባስልኤል ያቋቋመው የሀበሻ ጠላቂዎች ክለብ በየዓመቱ ኦገስት ላይ ወደ ማሪሴል ደሴት ይሄዳል። ማሪሴል ውሃዋ ሞቃት፣ ዓሣዋ ለሠርግ የለበሰ የሚመስል ትንሽ ደሴት ናት። የዘንድሮው ጉዞ ለማክሰኞ ተቆርጦ ነበር። ዙሌይካ ሻንጣዋን ልታደርስ እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገንዳው ሥር ነጭ ነገር አየች።

«ሳወጣው ቀዝቅዞ ነበር» አለች፣ እርጥብ ልብሷን እንደለበሰች። «ሦስት አራት ሰዓት ሆኖታል። አውቄያለሁ። ቢሆንም ደረቱን እየተጫንኩ ሲፒአር አደረግኩለት፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ አላቆምኩም። ዝም ብዬ ላየው አልቻልኩም።»

ሀረገወይን ትከሻዋን ያዝ አድርጋ ወደ ዕቃ ክፍሉ አለፈች። ለማክሰኞ የሚሄደው ዕቃ ሁሉ ደርቆ፣ ታጥፎ፣ ሻንጣ ገብቷል። አንድ የጠላቂ ልብስና አንድ የአየር ሲሊንደር ብቻ እርጥብ ሆነው በየቦታቸው ተሰቅለዋል፣ ተቀምጠዋል። ጠላቂዎች ከውሃ ሲወጡ ዕቃቸውን በንጹሕ ውሃ ያለቀልቃሉ፤ ለዚሁ ሲባል ጥግ ላይ አንድ ትልቅ በርሜል አለ። እጇን ሰድዳ ከበርሜሉ ሥር እንደ ወፍራም የእጅ ሰዓት ያለ ነገር አወጣች። ዳይቭ ኮምፒውተር ይሉታል፤ ጠላቂው ስንት ሜትር እንደወረደና ስንት ደቂቃ እንደቆየ በራሱ ጊዜ የሚመዘግብ ነው። ቁልፉን ስትጫነው የመጨረሻውን መዝገብ አሳያት፤ የዛሬ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ፣ ሦስት ሜትር ተኩል፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። የባስልኤል የራሱ ኮምፒውተር ደግሞ ሻንጣው ውስጥ፣ ደረቅ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲያው ሌላ ሰው ውሃው ውስጥ ነበር። ባስልኤል ሲሞት ያ ሰው እዚሁ ነበር፤ ከዚያም ዕቃውን በደንቡ አጥቦ፣ ሰቅሎ፣ በሩን ሳይቆልፍ ሄዷል።

ስትወጣ ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ አስቆማት። ባስልኤል በእጁ የሳለው የማሪሴል ካርታ ነው። የመጥለቂያ ቦታዎቹን በሙሉ በአማርኛ ሰይሟቸዋል፤ ለጀማሪ የሚሆነው ጥልቀት የሌለው ቦታ «ጓሮ» ይባላል፣ ኤሊዎች የሚዝናኑበት «የባልቴቶች መንገድ»፣ ቁልቁል የሚወርደው የኮራል ገደል «ሊማሊሞ»። ከደቡብ ጫፍ ደግሞ ባለሦስት ክፍል ዋሻ አለ። ባስልኤል ዲያቆን ስለነበረ ክፍሎቹን እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ብሎ ጠራቸው። ስሙ ለጌጥ አልወጣም። ሦስተኛው ክፍል ጠባብ ነው፤ ደለሉ አንዴ ከተነካ ዓይን አያሳይም። የኛ ሰው የክልክል ምልክት ይጥሳል እንጂ መቅደስ አይደፍርም ብሎ ነው። አሁን ዋሻው በሙሉ በቀይ ቀለም ተሰርዟል።

ሀረገወይን ዋሻውን ታውቀዋለች፤ አይታው አይደለም። ባለፈው ዓመት የክለቡ ረዳት አስተማሪ፣ የሃያ አራት ዓመቱ ያብስራ፣ እዚያ ዋሻ ውስጥ ሞተ። በልቅሶው ቤት ባስልኤል ሕዝብ እያየ ከልጁ አባት እግር ላይ ወድቆ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፤ ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። አባትየው፣ ሳን ሊያንድሮ የሚኖሩት የአውቶቡስ ሾፌር ጋሽ ተክለጻድቅ፣ በሳምንቱ ወደ ሀረገወይን መጡ። ይህ ሰው ልጄን ምን እንዳደረገው አንቺ ፖሊስ ነሽና እወቂልኝ አሏት። ጉዳዩ ከሥልጣኔ ውጭ ነው፣ ቢሆንም ለደሴቱ ፖሊስ እደውላለሁ አለቻቸው። ነገ ዛሬ ስትል አንድ ዓመት አለፈ። ሁለት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከሩቅ አይታቸው በሌላ በር ወጥታለች። ነገር ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባላል፤ ይህንኑ ለስንቱ ሰው ስትመክር ኖራለች።

የባስልኤል ሚስት የሶልያና ቤት በለቀስተኛ ተሞልቶ ነበርና ሁለቱ መኝታ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ተነጋገሩ። ሀረገወይን ስለ ጫማው ጠየቀቻት።

«ዛሬ ቆርበናል» አለች ሶልያና። «ሁለታችንም። የፍልሰታ እሑድ አይደል።»

ሀረገወይን ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። የቆረበ ሰው ያን ቀን ገላውን አይታጠብም፣ ባዶ እግሩን አይሄድም፤ መዋኘትማ የማይታሰብ ነው። ሶልያና እንደነገረቻት ምሳ በልተው ባስልኤል ካርቶኖቹን መኪና ላይ ጭኜ በአንድ ሰዓት እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ውሃው አጠገብ አልደርስም ብሎ ስቆ ነበር። ሲቆይባት ደወለች፤ አላነሳም።

«ደግሞ ወሬ ይዞ ነው ብዬ ተናደድኩበት» አለች። «ሁለተኛ አልደወልኩም። ኮራሁበት።»

ጠላት ነበረው ወይ ለሚለው የለውም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከአምናው ጉዞ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኗል። ግራ እግሩን ያነክሳል፣ ሌሊት ያመዋል፤ ምን ሆነህ ስትለው ሆድ ይፍጀው ይላል። አትጠይቂኝ ብሎ በማርያም ስላስማላት መጠየቁን ተወችው።

ሀረገወይን መኪናዋ ውስጥ ሆና አሰበችው። በፈቃዱ ውሃ ውስጥ ሊገባ የማይችል ሰው ውሃ ውስጥ ሞቷል። ስለዚህ አንድ ሰው ገፍቶታል። እንዲህ ብላ ደመደመች፤ በኋላ እንደታየው መንገዱን የሳተችው እዚህ ላይ ነው።

በማግስቱ ከሱቁ ጎን ጥፍር የምትሠራዋ ቬትናማዊት ሴት፣ ዓርብ ማታ ባስልኤልና ሸሪኩ ክንፉ ሲጯጯሁ በግድግዳው በኩል መስማቷን ተናገረች። ክንፉ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የሟች ቄስ ልጅ፣ አንደበቱ የቀና፣ ሲዋሽ ግን ጆሮው የሚቀላ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ኦክላንድ ቤቴ ተኝቼ ነበር አለ። በርሜል ውስጥ የተገኘውን ኮምፒውተር ፎቶ ሲያይ ከሚከራዩት አንዱ ይሆናል፣ እነሱን ደንበኛ በመለሰ ቁጥር መዝገባቸውን እናጠፋለን አላት። ሀረገወይንም ቃሉን አምና የቆዩትን መዝገቦች ወደ ኋላ ማየቱን ተወችው።

ከሰዓት በኋላ የመንገድ ካሜራ የክንፉን መኪና እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ሳን ሆዜ ውስጥ አሳየ። ከሱቁ አሥር ደቂቃ የሚርቅ ሰፈር ነው። ቢሮዋ አስጠርታ ፎቶውን ፊቱ ስታስቀምጥለት ጆሮው ቲማቲም መሰለ።

«እናቴ እንዳትሰማ» አለ።

«ክንፉ፣ ሰው ሞቷል እኮ።»

«አውቃለሁ። ግን እናቴ ከሰማች ሁለተኛዋ ሟች እሷ ናት።»

ነገሩ ሲፈታ እንዲህ ነው። ቤዚ የምትባል እጮኛ አለችው፤ ቤዚ ጴንጤ ናት። እሑድ እሑድ እናቱን ቅዳሴ አድርሶ ተኛሁ ይልና ወደ ቤዚ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ያን ዕለት ከስድስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ነበር፤ ሁለት መቶ ሰው አይቶታል፣ እጁን አንስቶ ሲዘምር የተቀረጸ ቪዲዮም አለ። ሀረገወይን ቪዲዮውን አየችው። በሌላ ቀን ቢሆን ሳቋን አትችለውም ነበር፤ ያን ቀን ግን የጠፋው ግማሽ ቀን ነው የታያት።

ዓርብ የተጣሉት በዋሻው ምክንያት ነው። ደንበኛ ስለሚጠይቅ ሁለቱን ክፍሎች እንክፈት ይላል ክንፉ፤ ባስልኤል አሻፈረኝ አለ። አምና ምን እንደሆነ ለክንፉም ነግሮት አያውቅም። ክንፉ ያን ቀን ጀልባ ላይ ነበር፤ ያየው ባስልኤልና ያብስራ ከውሃው ሲወጡ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ስለ በሩ ጠየቀችው። አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው። ስንት ቁልፍ አለ?

«ሁለት» አለ ክንፉ። ከዚያ ትንሽ አሰበ። «ሦስተኛው ያብስራ ጋ ነበር። ዕቃው በሻንጣ ሲመጣ አብሮ ለአባቱ ተሰጠ።»

«ዓመት ሙሉ ሳትቀበሏቸው?»

«ልቅሶ ቤት ገብቶ ቁልፉን መልሱ የሚል ማን አለ? እሺ ዛሬ እንጠይቅ፣ ነገ እንጠይቅ ስንል ነውር መሰለን። በዚያ ላይ ጋሼ እኮ ባለፈው ወር ከኛ ጋር ሊሄዱ መጥተው ነበር። ልጄ የወረደበት መውረድ እፈልጋለሁ አሉ። ባስልኤል የዶክተር ፎርም አምጡ አላቸው፤ ደም ግፊት ስላለባቸው ዶክተሩ አልፈረመም። ስለዚህ አይሆንም አላቸው። አንድ ቃል ሳይናገሩ ሄዱ።»

ክንፉን ሸኝታ ኮምፒውተሩን ከማስረጃ ማስቀመጫው አወጣች። የእሑዱን መዝገብ አለፈችና ቁልፉን አንዴ ወደ ኋላ ተጫነች። ሠላሳ አንድ ሜትር። የአምናው ኦገስት ሃያ አንድ። ያን ቀን ታውቀዋለች፤ ጋሽ ተክለጻድቅ ከፊቷ ቁጭ ብለው፣ እንዳትረሳው ሁለት ጊዜ ነግረዋታል። በእጇ የያዘችው የያብስራ ኮምፒውተር ነው። የሞተበት ቀን መዝገቡ ላይ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ የእሑዱ።

ወዲያው ወደ ሳን ሊያንድሮ መንዳት ትችል ነበር። እሷ ግን ስልኩን አነሳችና ለማሪሴል ፖሊስ ደወለች። ያነሳችላት ሴት ፋይሉን አላጣችውም። ሪፖርቱ ዓመት ሙሉ እዚህ አለ፣ የጠየቀን ግን የለም ብላ እዚያው በኢሜይል ላከችላት። ሀረገወይን ስልኩን ስትዘጋ ያወራችበትን ጊዜ አየች፤ ሰባት ደቂቃ። ሪፖርቱን ሁለቴ አነበበችው፤ አልቅሳ ፊቷን ታጠበች፣ ከዚያ ወጣች።

ጋሽ ተክለጻድቅ በሩን የከፈቱት የሾፌር ሸሚዛቸውን እንደለበሱ ነው። ማታ ሽፍት አለባቸው። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቁመታቸው ረጅም፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ። የመጣችበትን ስትነግራቸው፣ ከፈለጉ ከጠበቃ ጋር መነጋገር እንደሚችሉም ስትነግራቸው፣ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ሰዓቱን አገኘሽው» አሉ። «በርሜሉ ውስጥ ትቼው ወጣሁ። ባቡር ላይ ስሆን ትዝ አለኝ።»

እንዳይሆን ተመኝታ ነበር። ቢክዱኝ ደስ ይለኝ ነበር ብላ አሰበች፣ በዚህ ሥራ ላይ እንዲህ ብላ አስባ አታውቅም።

ባስልኤል አይሆንም ካላቸው ወዲህ በልጃቸው ቁልፍ፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ በሚሄድበት እሑድ እሑድ እየገቡ ይለማመዱ ነበር፤ ያን ዕለት አራተኛቸው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እስከ ወገባቸው ብቻ ገብተው ውሃውን ለመዱት። የቀረውን ልጃቸው ከቀረጻቸው ቪዲዮዎች ተማሩ። መቻላቸውን ካሳዩት ባስልኤል ይወስደኛል ብለው አሰቡ። በአራተኛው የያብስራን ኮምፒውተር አስረው፣ ሲሊንደሩን ተሸክመው ወደ ጥልቁ ሄዱ። ወደ ታች እንዲያወርዳቸው ወገባቸው ላይ የታጠቁትን የእርሳስ ክብደት አብዝተውት ኖሯል፤ መተንፈሻው ከአፋቸው ሲወጣ መነሳት አቃታቸው። ከዚያ ነጭ ሸሚዝ አዩ። ባስልኤል ከሥራቸው ገብቶ ሽቅብ ገፋቸው፤ ወደ ደረጃው በኩል፣ ደጋግሞ። ሲሊንደሩ አንድ ነገር ሲመታ በጀርባቸው ተሰማቸው። ደረጃውን በእጃቸው ቆንጥጠው ወጡ፣ አስመለሳቸው፣ ዞረው አዩ። ባስልኤል ግን አልወጣም።

«ዋና አልችልም» አሉ። «ግን ስልኬ ወንበሩ ላይ ነበር። አነሳሁት። አምቡላንስ ልጠራ ዘጠኝን ነካሁ፣ አንድን ነካሁ። ከዚያ ልጄ ታወሰኝ። የኔም ልጅ እንዲህ ሰው ሲጠብቅ ቆይቷል አልኩ፤ እሱም ትንሽ ይጠብቅ አልኩ።»

«ምን ያህል ቆሙ፣ ጋሼ?»

«ውሃው እስኪረጋ።»

ከዚያ በኋላ እጃቸው የሚሠራው ነገር ፈለገ። ያብስራ ቤታቸው መታጠቢያ ውስጥ ሁልጊዜ ዕቃውን ሲያጥብ ያዩት ነበር፤ እንደሱ አጠቡ፣ ሰቀሉ፣ ወጡ።

ሀረገወይን የያዘችውን ሪፖርት ጉልበቷ ላይ አደረገች። ብትነግራቸው የቀረቻቸውን ነፍስ መንጠቅ ነው። ባትነግራቸው ደግሞ ባስልኤል ወንጀለኛ ሆኖ ይቀራል፣ ሚስቱም የወንጀለኛ ሚስት። ባስልኤል ዝም ያለው ለደግ ነው፣ እሷ ዝም ያለችው በስንፍና ነው፤ ሁለቱ ዝምታ ተጋግዞ እዚህ አድርሷቸዋል። ሦስተኛ ዝምታ አልጨምርም አለች በልቧ።

ነገረቻቸው። ያብስራ ባስልኤል ሁለት ጊዜ ተመለስ ብሎ በእጁ እያሳየው ብቻውን ሦስተኛው ክፍል ገባ። ደለሉ ተነሳ፣ መውጫው ጠፋው። ባስልኤል ተከትሎት ገብቶ በዳሰሳ አገኘው። ከራሱ ሲሊንደር አየር አጋራው፤ ሁለት ሰው ከአንድ ሲሊንደር እየተነፈሱ እስኪያልቅ ድረስ መውጫ ፈለጉ። መውጫውን ያገኙት አየሩ ሲያልቅባቸው ነበር፤ ባስልኤል ከሠላሳ አንድ ሜትር መንገድ ላይ ሳያርፍ ይዞት ወጣ። እንዲያ መውጣት ጠላቂን ሽባ ያደርጋል። ያብስራ ጀልባው ላይ ሲደርስ አልቆ ነበር። ባስልኤል ዘጠኝ ቀን ሐኪም ቤት ተኛ፤ እግሩ ከዚያ ወዲያ አልዳነም። ከሪፖርቱ ግርጌ በገዛ ቃሉ ያስመዘገበው አለ፤ አባቱ ልጄ በራሱ ስህተት ሞተ ብሎ እንዳይኖር እባካችሁ ይህን አትንገሩት፣ የቡድኑ መሪ እኔ ነበርኩ፣ ያ ይበቃል ይላል።

ጋሽ ተክለጻድቅ ወረቀቱን ተቀብለው ግርጌውን አዩ።

«ይህን መቼ አወቅሽ?» አሉ።

«ዛሬ ነው የደወልኩት።»

«ኮል አደርጋለሁ ያልሽኝ ያኔ ነበር።»

«ያኔ ነበር። አልደወልኩም፣ ጋሼ። ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጧትም። ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። ቢሮዋ ሄደው ቃላቸውን እንዳለ ሰጡ፣ ፈረሙ። ክሱን የሚወስነው አቃቤ ሕግ ነው፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ጭራሽ ላይከሰሱም ይችላሉ፣ ለዛሬ ቤትዎ ይሂዱ ተባሉ። እሳቸው ግን ከወንበሩ አልተነሡም።

«ማሰር ካልቻላችሁ ሶልያና ጋ አድርሽኝ» አሏት። «እኔ ያደረግኩትን እኔ ልንገራት። አንቺስ ያንቺን ትነግሪያታለሽ?»

ደንቡ እንደማይፈቅድ ታውቃለች። አለቃዋ ቢሰማ ምን እንደሚላትም ታውቃለች። «እነግራታለሁ» አለችና ቁልፏን አነሳች።

ካምቤል፣ ሶልያና ቤት ሲደርሱ ለቀስተኛው ከበረንዳው እስከ ግቢው ተርፏል። ሶልያና ሽማግሌውን ከሩቅ ስታይ ሰዎቹን አልፋ መጣች፣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ መጡልኝ? ከሁሉ ሰው ይህን ሐዘን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።» ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደቻቸው። ከራሷ ጎን ያለውን ወንበር አስለቅቃ ጎተተችላቸው። «እዚህ አጠገቤ ይቀመጡ።»

ጋሽ ተክለጻድቅ አልተቀመጡም። «ቆይ ልጄ» አሉ፣ «መጀመሪያ ስሚኝ።»

ሀረገወይን ከጎናቸው ቆማ ተራዋን ጠበቀች።